የጋራዡ መስኮት

ቀራንዮ ባለው ግቢያችን መኪናችንን ከሸጥን በኋላ ባዶ የቀረውን ጋራዥ ለእህቴ መኖሪያ ልናደርገው አስበን የግንባታ ፈቃድ ጠየቅን። ቦታውን ሊያይ የመጣው የፈቃድ መሐንዲስ ፕላኑ ላይ በጎረቤት በኩል ያሳየነውን መስኮት ሰረዘው።

«አጥር ላይ ባረፈ ግድግዳ መስኮት አይፈቀድም» አለኝ።

«ለምን?» አልኩት፤ ነገሩ ከነከነኝ።

ጎረቤታችንን እማማን አስፈቅዶ ግቢያቸው ይዞኝ ገባ። ግድግዳችን ሥር አንድ ባልዲና በርጩማ አየሁ።

«እዚህ ምን ይሠራሉ እማማ?» አልኳቸው።

«ፀጉሬን እታጠባለሁ ልጄ። ማንም የማያየኝ እዚህ ብቻ ነው።»

ይህን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን ስንኖር ይህን አላውቅም ነበር። መስኮቱን የጋራዡ ትልቅ በር በነበረበት በኩል አወጣነው፤ ፈቃዱም ተሰጠን። የጠዋት ፀሐይ የምትወጣው በእማማ በኩል ስለሆነ፣ እህቴ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይጨልምብኛል ትላለች።