«አፉ በለኝ» ብለው የሸኙኝ

የወጣሁ ዕለት ምሽት ቃሊቲ ያለው ቤቴ ከኋላው ካለው የከባድ መኪና ማቆሚያ ብሶ ተጨናንቆ ነበር። የምሄደው ኢስታንቡል፣ ልጄ ከማል ዘንድ ነው። ለመርካቶ ነጋዴዎች ልብስ የሚልክበት የካርጎ ሱቅ አለው። «አባ፣ መጥተህ አረፍ በል፣ በዚያውም ታግዘኛለህ» ብሎ ነው የጠራኝ። ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ በየተራ እጄን ይዞ «ሁሴን፣ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ይለኝ ጀመር። እንዲህ የሚባለው እኮ ለሐጅ የሚሄድና ሊሞት የተቃረበ ሰው ነው። እኔ የምሄደው ካርቶን ላሽግ! «መካ የምሄድ መሰላችሁ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ። ሁሉም ሳቁ፤ ሰይድ ብቻ ፊቱን አዞረ።

ሰይድን ለማታውቁት፣ የጅቡቲን መስመር ስንት ዘመን ተሳቢ እየጎተትን አብረን የተመላለስን ጓደኛዬ ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ ጅቡቲ ነበርኩ። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርማ። ሚሌ ድረስ መጥቶ «መኪናዬ ተበላሽታ ነው፣ ጫነኝ» አለኝና እስከ አቃቂ ጎኔ ተቀምጦ ሲያጫውተኝ መጣ። ሰፈር ስንደርስ ድንኳኑን አየሁት። ያኔ እንዲህ ያለ ወዳጅ ስለሰጠኝ አላህን አመስግኜ ነበር።

ፕሮስቴቴን በቀዶ ሕክምና ያወጡልኝ ጊዜም ያስታመመኝ እሱ ነው። ካንሰር መሆኑን አውቃለሁ፤ ተነቅሎ ወጥቷል ተብያለሁ። ለክትትል ደም በሰጠሁ ቁጥር ሐኪሙ ዘንድ ገብቶ ውጤቱን የሚሰማው ሰይድ ነበር። «ንጹህ ነው፣ ሁሴኖ» እያለ ሲወጣ በደስታ አቅፈው ነበር።

ኢስታንቡል የገባሁ ዕለት አከራያችን ሐቲጄ ሐኒም የምስር ሾርባ ይዛ መጣች። ሾርባቸው ሎሚ እንጂ በርበሬ አያውቅም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ጌችሚሽ ኦልሱን» አለችኝ። ከማልን ምን አለች ብለው «እንኳን ደህና መጣህ ነው» አለኝ። በሳምንቱ ደግሞ «ለመኖሪያ ፈቃድ ምርመራ ይጠይቃሉ» ብሎ ሆስፒታል ወሰደኝ። አስተርጓሚዋ ሀያት የምትባል፣ እዚያው የምትማር የወራቤ ልጅ ናት። ዶክተሩ ረዘም አድርጎ ተናገረ።

«ደምዎ ላይ ትንሽ ነገር አለ ይላሉ፣ አባባ» አለችኝ።

«ይሄን ሁሉ አውርቶ ትንሽ ነገር?»

«ቱርክኛ ረጅም ነው።»

«ልጄ፣ ካንሰር ሲል ሰምቻለሁ። ይሄ ቃል አስተርጓሚ አይፈልግም።»

ዞራ ከማልን አየችው። «እሱን ምን ታዪዋለሽ? የታመምኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «በሽታው ተመልሷል፣ አባባ። አገር ቤት እያሉ ጀምሮ ሲጨምር እንደነበር ልጅዎ ነግሯቸዋል። ለምን ይህን ያህል ዘገዩ ይላሉ።»

ለምን ዘገየሁ! ከማል መሬት መሬት ያያል። ዶክተሩ መልስ ይጠብቃል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አሁን የጨረር ሕክምናዬን ጨርሻለሁ፣ መርፌውን እየወሰድኩ ነው። መርፌው በሽታው የሚያድግበትን የወንድ ሆርሞን ያጠፋል አሉኝ። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ እኔ በድንገት ላብ በላብ እሆናለሁ፣ ሰውነቴ ውስጥ የሚሌ በረሃ ያለ ይመስለኛል። ዶክተሩ ጨርሶ ይጠፋል አላለኝም፤ ተይዞ ሊቆይ ይችላል አለኝ። ስለነገረኝ ወደድኩት። የሐቲጄ ሐኒም ቃልም «ያሽርህ» ማለት መሆኑን ሀያት ነገረችኝ። አከራይ ያወቀችውን እኔ አላወቅሁም ነበር። ያን ምሽት ቃሊቲ ለካ በቁሜ ተለቅሶልኛል።

ባለቤቴን ዘይነባን ደውዬ ጮህኩባት። «ሰው ይህን ከሰማ ይሰበራል፤ ሰይድ ነው ልጁ ዘንድ እንስደደውና እዚያ ይታከም፣ አይነገረው ያለው» አለችኝ። «ከዚህ በኋላ ምንም ነገር፣ የሞተ ሰው እንኳ ቢሆን፣ ከእኔ እንዳትደብቂ» አልኳት። ወላሂ አልደብቅም ብላ ማለችልኝ። የሰይድን ስልክ ግን ማንሳት አስጠላኝ። ቀን በቀን ይደውል ነበር። አላነሳሁም። ከዚያ መደወሉን ተወው። ከዳተኛ፣ እሱንም ሰለቸሁት ብዬ የባሰ ተናደድኩ።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ስመለስ ናፈቀኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ከእነ ውሸቱ ናፈቀኝ። ብደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ዘይነባ ዘንድ ደወልኩ።

«ሰይድን አስጠሪልኝ፣ ልሰድበው ነው።»

«ኮምቦልቻ ሄዷል።»

«ስልኩስ?»

«ኔትወርክ የለም መሰለኝ።» ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። «ከማል አጠገብህ አለ?»

«ሱቅ ነው።»

«ሌላስ ሰው?»

«ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።»

«እንግዲያው ማታ እሱ ሲገባ እንደውላለን።»

«ዘይነባ፣ ወላሂ ብለሽኝ ነበር» አልኳት።

በለቅሶ በተዘጋ ድምፅ፣ «ይበርዳል አይደል እዚያ?» አለችኝ። «ጋቢህን ደርብ።»