እማማ ሴንቲ ፎቶ ሊነሱ ሄዱ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እማማ ሴንቲ» የሚላቸው ሜትር ሳይዙ ሰውን በዓይናቸው ብቻ ለክተው ስለሚጨርሱ ነበር። ነበር ነው እንግዲህ! ሰሞኑን ለአንድ መምህር የሰፉት ሱሪ አንዱ እግሩ በጣት አጥሮ፣ መምህሩ ይሉኝታ ይዞት ሳይናገር እያነከሰ ሄደ። ጎረቤታቸው ደግሞ «የዓይንዎ ድካም ከነርቭ ከሆነማ አለቀ፤ የስፌት መኪናውን ይሽጡት» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ያለ መኪናቸው ምን ሊሆኑ ነው?

ጤና ጣቢያው «ዓይን በፎቶ ይመረመራል» ሲል ታዲያ ከጆሯቸው የገባችው «ፎቶ» የምትለዋ ብቻ ነበረች። እንደ ሙሽራ እናት ለብሰው፣ ተኩለው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ከች አሉ።

ባለሙያው አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፎ ብልጭ ሲያደርግባቸው ተቆጡ።

«ቆይ እንጂ የኔ ልጅ! ገና ፈገግ አላልኩም!»

«እማማ፣ የማነሳው ዓይንዎን ብቻ ነው።»

«እና ይሄ ሁሉ ቀሚስ ለማን ነው?»

ልጁ ሳቁ አመለጠው። ደግሞ አነሳና ምስሉን በትልቁ ስክሪን አሳያቸው፤ ጥቁሩ መሃል ላይ ነጭ ጉም ተኝቷል።

«ካሜራህን አልወለወልከውም፤ በል ድገመው።»

ወልውሎ ደገመው። ጉሙ ንቅንቅ አላለም።

«ሞራ ነው፣ እማማ።»

«የምን ሞራ? ሥጋ በአፌ ከዞረ ስንት ጊዜው!»

ሐኪሟ ገብታ ፎቶዎቹን ማየት ስትጀምር ግን ቀልዱ ጠፋባቸው። ፈሩ፤ በጣም ፈሩ።

«ልጄ፣ ነርቭ ነው? አትደብቂኝ።»

«ሞራው ገና ስስ ስለሆነ ነርቭዎ ከጀርባው ይታያል፤ ደህና ነው። ሞራው ደግሞ ይገፈፋል። በቀዶ ሕክምና አውጥተን በቦታው ሌንስ እንተካለን። ከዚያ እንደ ልብዎ ይሰፋሉ።»

እማማ ሴንቲ የሚሆኑትን አጡ። ሐኪሟን ሳሟት፣ ባለሙያውን ሳሙት፣ መሣሪያውንም ሊስሙ ሲሉ በስንት ልመና ተያዙ። ከዚያ በሩን በርግደው ወጡና እልልታቸውን አቀለጡት። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

«ምን ተገኘ፣ እናቴ?» አሉ ከፊት የቆሙት ሽማግሌ።

«ሞራ! በሁለቱም ዓይኔ!»

ሽማግሌው ግራ ተጋቡ። የሴትዮዋን ፊት ሲያዩ ግን ደስታው ተጋባባቸውና በሁለት እጃቸው ጨበጧቸው።

«እንኳን ደስ አለዎት! ለኛም ያድርግልን!»