ሳህን ላይ የሚቀረው

በማዕድ ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ፏፏቴ» ነው የሚላት። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ቧንቧ ከፍታ ረስታ ወለሉን ስላጥለቀለቀችው የወጣላት ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ባለው አስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቧንቧ ከፍታ ረስታ አታውቅም፤ ስሙ ግን ወይ ፍንክች። ሥራዋ እቃ ማጠብ ነው። ሲንኩ ያለው ጥግ ላይ፣ ከጀርባው በር አጠገብ ነው። በስተግራዋ አስተናጋጆቹ የተበላበትን ሳህን የሚከምሩበት የብረት ጠረጴዛ፣ በስተቀኟ የታጠበው የሚንጠፈጠፍበት መደርደሪያ፣ ፊት ለፊቷ ግድግዳ። ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ግድግዳ እያየ ምን ይማራል የሚል አይጠፋም። እሷ ግን ግድግዳውን ልብ ብላው አታውቅም፤ ስታይ የኖረችው ሳህኑን ነው።

ሬስቶራንቱ ስም ያወጣው በዳቦው ነው። ደንበኛው ወንበር ስቦ ገና ሳይደላደል ትኩስ ዳቦ በቅርጫት፣ የወይራ ዘይት ደግሞ በትንሽ ሳህን ይቀርብለታል። ዘይቱ ውስጥ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ሮዝመሪ፣ ጨውና የደረቀ ቃሪያ አለበት፤ አቼቶም ጠብ ይደረግበታል። ደንበኛው ዳቦውን እየቆረሰ፣ እያጠቀሰ፣ ዋናው ምግብ እስኪደርስ ይጠብቃል። ማጥቀሻው የሼፉ የራሱ ፈጠራ ነው። ሰው በበኩር ልጁ የሚኮራውን ያህል ሼፉ በሮዝመሪው ይኮራል፤ ስለዚህ ጉዳይ ትንፍሽ የሚል የለም።

የፏፏቴ ጣጣ የጀመረው ከእጇ ነው። መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አሳከካት፣ ከዚያ ጣቶቿ መሀል ይሰነጣጠቅ ጀመር። ጓንት ብታደርግ ላቡ ጭራሽ አባሰባት። ዘንድሮ የበር ቁልፍ ማዞር እንኳ ሲያቅታት ሐኪም ዘንድ ሄደች። የቆዳ ሐኪሟ ሁለት እጆቿን ገለባብጣ አየችና «እህቴ፣ ቅባት እጽፍልዎታለሁ፤ ግን እጅዎ ከውሃና ከሳሙና ካልራቀ ቅባቱ ምንም አይፈይድም። ሥራ ይቀይሩ» አለቻት። ሥራ ይቀይሩ! እንደ አፍ ቢሆንማ ምን ችግር ነበረ። ዕድሜዋ አርባ ስምንት ነው። ባሏ አናጢ ነው፤ ሥራው አንድ ወር ሞቅ፣ ሁለት ወር ቀዝቀዝ ይላል። ቤቱ የቆመው በእሷ ደመወዝ ነው ቢባል ባሏ ራሱ አይከራከርም።

በዚያው ሰሞን ሰላጣና ማጥቀሻ የምታዘጋጀው ሴት አግብታ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ መሆኑ ተሰማ። ፏፏቴ ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ቆየችና ዓርብ ዕለት እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ሼፉ ፊት ቆመች።

«ሼፍ፣ የሰላጣውን ቦታ ለእኔ ይስጡኝ።»

ሼፉ ቢላዋ እየሳለ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጉድለቱ ሰውን በግማሽ ጆሮው መስማቱ ነው።

«ለማን?»

«ለእኔ። ሐኪሟ ከውሃ ራቂ ብላኛለች።»

«አንቺ ደግሞ ምግብ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ አናጢ ስመግብ ኖሬአለሁ፤ ይኸው እስካሁን አልሞተም።»

ሼፉ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ቢላዋውንም አስቀመጠው። «እንግዲህ ስሚ። ማክሰኞ ጠዋት ቤትሽ የሠራሽውን የዳቦ ማጥቀሻ ይዘሽልኝ ነይ። ለደንበኛ ላቀርበው የምችል ከሆነ ቦታው ያንቺ ነው። ካልሆነ ከምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ረቡዕ ትጀምራለች። ሲንኩንም ካልቻልሽው እንግዲህ...» ሳይጨርሰው ወደ ቢላዋው ተመለሰ። የቀረውን እሷ በልቧ ጨረሰችው።

እሑድ ጠዋት አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት ገዝታ ቤቷ ውስጥ ሥራ ጀመረች። ልበ ሙሉ ነበረች። ማጥቀሻውን እንደሆነ አሳምራ ታውቀዋለች! ይህን ሁሉ ዓመት ሳህኑ ውሃ ሳይነካው በፊት፣ ዞር ዞር ብላ አይታ፣ በጣቷ ጫፍ ስትቀምሰው ኖራለች። አያወሩትም እንጂ የማይቀምስ እቃ አጣቢ የለም። ሽንኩርቱን ከተፈች፣ ሮዝመሪውን ጨመረች፣ አቼቶ አፍስሳ ቀመሰች። አልሆነም፤ ገና ይቀረዋል። ደግማ አፈሰሰች። ጨው ጨመረች፣ ቃሪያ ጨመረች። ምላሷ የሚያውቀው ጣዕም ከተፍ ሲል ጊዜ «አገኘሁህ!» ብላ ባሏን ከጓሮው ጠራችው።

ባሏ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ እንደተበተነበት መጣ። የማይበላው ነገር የለም፤ ሚስቱ ምግብ አሳረረች ብሎ አንድ ቀን እንኳ አጉረምርሞ አያውቅም። ጠቀም ያለ ዳቦ ቆረሰና ደህና አድርጎ አጥቅሶ ጎረሰ። ወዲያው ማኘኩን ተወው። ዐይኑ እንባ አቀረረ። ባል ነውና እንደምንም ዋጠው።

«እህስ?»

«የኔ እመቤት፣ ይሄ የሚበላ ነው ወይስ ቫርኒሽ ማስለቀቂያ?»

«ቀልድህን ተው!»

«ኧረ የምሬን ነው። ያንን አሮጌ ቁም ሳጥን ብቀባው እስከ እንጨቱ ይልጠዋል።»

ፏፏቴ ደሟ ፈላ። «የሬስቶራንቱም ልክ እንደዚህ ነው! አንተ ምን ታውቃለህ? አስራ አንድ ዓመት የቀመስኩት እኔ ነኝ!»

«የት ቁጭ ብለሽ?»

«ምን ቁጭ ማለት አለ? ሲንኩ ጋ ነዋ።»

«ሰዎቹ በልተው ከጨረሱ በኋላ?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተችና ሳህኑን ቁልቁል አየችው። ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ደንበኛ ዳቦውን ሲያጠቅስ የሚያነሳው እሱን ነው። አቼቶው፣ ጨዉና የሽንኩርቱ ፍርፋሪ ከስር ይዘቅጣል። እሷ አውቀዋለሁ ስትል የኖረችው ማጥቀሻ ሰው ትቶት የተነሳው አተላ ነው። ገና ከማዕድ ቤት ሲወጣ፣ ማንም ዳቦ ሳይነክርበት፣ አንድ ቀን ቀምሳው አታውቅም። እዚያው ወንበሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። ያስለቀሳት ዘይቱ አልነበረም፤ ይህን ያህል ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ኖራ ከፊቱ በኩል አለማየቷ ነው።

ባሏ ማባበል አይችልበትም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሰጋቱራውን ከቅንድቡ ሲያራግፍ ቆየና «ለመሆኑ ሰዎቹ የሚተዉት ምን ምኑን ነው?» አላት።

«ሽንኩርቱን ነዋ! ወፈር ወፈር ያለውን ወደ ዳር ይገፉታል፤ ከምሳ በኋላ ቢሮ የሚመለሱትማ ጨርሶ አይነኩትም። ሮዝመሪውን ተወው! ጥርሳቸው መሀል እየገባ ሲያስቸግራቸው አንድ በአንድ እያወጡ ጠርዙ ላይ ይደረድሩታል። አቼቶው ኩሬ ሠርቶ እንደሄደ ይመጣል።»

«ተጠርጎ ያለቀበት ቀንስ የለም?»

«አለ። አንዴ ሮዝመሪ ጠፍቶ በበሶብላ የሠሩ ለታ። ደግሞ አንድ ብርድ ቀን ሰላጣ አዘጋጇ ሳህኖቹን ምድጃው አናት ላይ ደርድራቸው ዘይቱ ለብ ብሎ የወጣ ለታ፣ እመነኝ፣ ሳህኑ የታጠበ መስሎኝ መደርደሪያ ላይ ልሰቅለው...» ነገሯን አቋረጠች። እንባዋን በክንዷ ጠረገችው። ማጥቀሻውን አታውቀው ይሆናል፤ ሰው የሚወደውንና የማይወደውን ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። «ተነስ አንተ ሰውዬ፤ ዘይት ገዝተህ ና!» አለችው።

ሰኞ ሬስቶራንቱ ዝግ ነው። ፏፏቴ ጠዋት የጀመረችውን ሥራ ከሰዓት በኋላም አልጨረሰችውም። ነጭ ሽንኩርቱን ሳትከትፍ፣ ፍሬ ፍሬውን ዘይት ውስጥ ከትታ በስሱ እሳት ጣደችው። የመጀመሪያው ቡናማ መልክ አወጣና መረረ፤ ደፋችው። ለሁለተኛው ከምድጃው አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። ሽንኩርቱ ሳይጠቁር እንደ ቅቤ ሲልም አውጥታ በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጣ ዘይቱ ውስጥ መለሰችው። ነጭ ሽንኩርት መኖሩ ይታወቃል፤ የሚገፋ ቁራጭ ግን የለም። አቼቶውን ተወችና በምትኩ የሎሚ ልጣጭ ልታደርግ ፈለገች፤ ቢላዋው ግን እየወፈረ አስቸገራት። ይሄኔ ባሏ ከወረቀቱ ያልወጣ ደቃቅ ሞረድ ይዞላት መጣ።

«በሞረድ?» አለችው።

«እንጨት የሚያደቅ ሎሚ ያቅተዋል?»

አላቃተውም። ቢጫው ልጣጭ እንደ ዱቄት ረገፈ። በሶብላውን አድቅቃ ከተፈች፣ ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰች፤ ጨዉን ቀድሞ እንዳይዘቅጥ ሊበላ ሲል ከላይ በተነችው። ባሏ ቀመሰ። ደግሞ ቆረሰ። ሦስተኛውን ሲቆርስ እጁን መታ አደረገችው። «ለነገ ነው!»

«ሮዝመሪውስ?»

«አላደረግሁበትም።»

«እንዴ! የሰውየው ኩራት ነው አላልሽኝም? ሁለት ሦስት ቅጠል ጣል አድርጊበት፣ ለማባበያ ያህል። እንጀራሽ እኮ በእጁ ነው።»

ይህ ንግግር አላስተኛትም ማለት ይቻላል። ባሏ እውነቱን ነው፤ ሼፉ ቢከፋው ረቡዕ ዕለት ሥራ የላትም። ጠዋት ማጥቀሻውን ያስቀመጠችበትን ትልቅ የማርማላታ ጠርሙስ ከፍሪጅ አውጥታ ስትከፍት የሮዝመሪውን ዘለላ አነሳችው። ትንሽ ይዛው ቆመች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችውና ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።

ሬስቶራንቱ ደርሳ ዘይቱን ለብ አድርጋ፣ ጨው በትና ስታቀርብለት ሼፉ መጀመሪያ አሸተተው። ዳቦ አጠቀሰ፣ ቀመሰ። ፊቱ ፈታ ሊል ነበር፤ ድንገት ጠቆረ።

«ሮዝመሪው የታለ?»

«የለም፣ ሼፍ።»

«ረስተሽው ነው?»

አዎ ማለት ትችል ነበር፤ ረስቼው ነው ብትል ነገሩ ያበቃ ነበር። «አይደለም። ደንበኞቹ አይበሉትም።»

ማዕድ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ሥራውን ትቶ ዞረ። ልትለቅ የተዘጋጀችው ሰላጣ አዘጋጅ እንኳ ቢላዋዋን እንዳነሳች ቀረች።

«አስራ አንድ ዓመት በሮዝመሪ ሠርቻለሁ። አንድ ደንበኛ ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። ማነው የነገረሽ?»

«ሳህኑ ነው። ደንበኛ ምን ብሎ ይከሳል? ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትቶት ይሄዳል። እኔ ነኝ የማነሳው።»

«አስራ አንድ ዓመት!» ሼፉ ድምፁን ከፍ አደረገ። «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን እያየሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች። በቃ፣ አለቀልኝ አለች በሆዷ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ሼፉ ግን አልጮኸም። ጠርሙሱን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ የተሰነጣጠቀ እጇን አየ። ኮፍያውን አውልቆ ሰቀለው፤ እጅጌውን ይሰበስብ ጀመር።

«ዛሬ ማጥቀሻውን የምታወጪው አንቺ ነሽ። ግማሹ ጠረጴዛ የኔን፣ ግማሹ ያንቺን ይብላ። ያንቺ ሰማያዊ ጠርዝ ባላቸው ሳህኖች ይሁን።»

«ሲንኩስ?»

«ሲንኩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

ምድጃውን ለረዳቱ ትቶ ሄደና እውነትም ቆመ። አስተናጋጆቹ የተበላበትን እያመጡ ሲያዩት እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ፤ አንደኛው ሳህኑን ይዞ ሊመለስ ሁሉ ቃጣው። ፏፏቴ ከጠረጴዛዋ ሆና ጀርባውን ብቻ ነበር የምታየው። ዳቦ ስትቆርጥ፣ ጨው ስትበትን፣ ጆሮዋ ከውሃው ድምፅ አልተነቀለም። አንዳንዴ ውሃው ይቆማል፤ ሼፉ አንድ ሳህን ከፍ አድርጎ ያያል። ምን እንዳየ አይናገርም። ምሳው እስኪያልቅ ሁለት ዓመት የሆነ መሰላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሼፉ እስከ ደረቱ ርሶ መጣ።

«ሰማያዊዎቹን ለማጠብ ሳሙና መጠቀሜ ለወጉ ነው» አለ። «የራሴን ሮዝመሪ ግን ከሲንኩ ማጣሪያ ላይ በጣቴ ስለቅም ዋልኩ።»

«እኔ በየቀኑ ነው የምለቅመው» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ወደ ረዳቱ ዞሮ «ለሲንኩ ሰው ፈልጉ። ያቺ ነገ የምትመጣዋ ልጅም ማጥቀሻውን ከእሷ ትማራለች» ሲል ፏፏቴ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት እጇን አየችው። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ እጇ ደረቅ ነበር።

ሼፉ ግን ገና አልሄደም። እርጥብ እጁን በሱሪው እየጠረገ ቆሟል።

«ሌላስ?» አላት።

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ምን ተመልሶ ይመጣል?»

ቀና ብላ አየችው። መልሷን በሁለቱም ጆሮው እየጠበቀ ነበር።

«ከሾርባው ልጀምር?»

«ሾርባው ደግሞ ምን ሆነ?»

ፏፏቴ በእግሯ አንድ በርጩማ ስባ አቀረበችለት።

«እንግዲያው ይቀመጡ፣ ሼፍ» አለችው።