ገመዱ የደረሰበት

የሺ ወደ ቁፋሮው የሄደችው ማንም ሳይጠራት ነው። ከመንደሯ ከወገዳ ወረድ ብሎ፣ የገብስ ማሳው የሚያልቅበት ላይ፣ የጥንት ሰዎች መቃብር ነው የሚባል የድንጋይ ክምር አለ። ከአዲስ አበባ የመጡ አጥኚዎች ሊቆፍሩት ነው ሲባል የሰማች ዕለት እህል በአፏ አልዞረም። በነጋታው ነጠላዋን አደግድጋ ሄደችና «እኔም ልሥራ» አለች። ሰው ፊት ቀና ብላ የማትናገር ሴት ስለሆነች መንደሩን ገረመው።

ሥራው እንዲህ ነው። መሬቱን በካስማና በገመድ ካሬ ካሬ አድርገው ይከፍሉታል። ከዚያ አንዱን ካሬ በትንንሽ አካፋና በብሩሽ ቀስ እያሉ ዝቅ ያደርጉታል። አጥንት ሲወጣ ማንም አያነሣውም። መጀመሪያ ፎቶ ይነሣል፣ በሜትር ይለካል፣ ኃላፊዋ ትርሲት ወረቀት ላይ ትሥለውና ቁጥር ትሰጠዋለች። ከዚያ ነው ከረጢት የሚገባ። የሺ አቧራውን በብሩሽ ትጠርግ ነበር።

«የሺ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ይነቃብሻል!» ይላታል ምስጋናው። እሱ ካስማ መቺ ነው፤ አፉ አያርፍም። «ቢነቃ ደግሞ የስንት ዘመን ረኃብ ነው ያለበት፣ ማን ሊያበላው ነው?»

ሰው ይስቃል። እሷም ከንፈሯን ገለጥ ታደርጋለች፤ ዓይኗ ግን ወደ ክምሩ ግርጌ ነው። እዚያ ልጇ አለች። ከዓመታት በፊት ክርስትና ሳትነሣ ነው የሞተችው፤ እንዲህ ያለ ሕፃን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። ፍትሐት የለ፣ ለቀስተኛ የለ። አማቷ በጨርቅ ጠቅልላ ወስዳ እዚያ ቀበረቻት፤ የሺም በአራስነቷ ቀስ ብላ ተከትላ ቦታውን አየች። አማቷ ሞተች። ባሏ ይሁኔ ነገሩን አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም፤ የት እንደተቀበረችም አልጠየቀም። ቦታውን የምታውቅ እሷ ብቻ ቀረች።

ገመዱ ወደዚያ እየተጠጋ ሄደ። ስንት ጊዜ ልትናገር ተነሣች፣ ስንት ጊዜ ተመልሳ ብሩሿን ያዘች። ምን ትበል? ብትናገር ይጻፋል፤ የተጻፈውን ደግሞ ሰው ያነበዋል፣ ያወራዋል። ባትናገር ልጇ ቁጥር ተሰጥቷት፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር በመኪና ተጭና ልትሄድ ነው።

አንድ ዓርብ፣ ሥራ ሊያልቅ ሲል፣ ምስጋናው ቀጣዩን ካስማ ከክምሩ ግርጌ መታው። ሰው ሲበተን የሺ ወደኋላ ቀረችና ካስማውን ነቅላ ወደዚህ መልሳ ተከለችው። ገመዱ ከልጇ ወዲህ ቀረ። ለጊዜው ተነፈሰች።

ሰኞ ትርሲት ሜትሯን ዘርግታ ስትለካ አልገጥም አላት። ደግማ ለካች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምስጋናው! ይሄን ካስማ ማን ነካው?»

«እኔ በልኩ ነው የመታሁት።»

«በልኩ ከመታኸው እንዴት እዚህ መጣ? በዚህ ገመድ ብሥል ሥራው ሁሉ ገደል ገብቶ ነበር እኮ! አንተ ሁሉን ነገር ቀልድ አደረግከው። መዶሻውን ለሌላ ሰው ስጥና ሂድ።»

ምስጋናው መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠና ኮቱን ፈለገ።

«እታለም» አለች የሺ። ድምፅዋ ስላልወጣ ደገመችው። «እታለም፣ እሱን ተዪው። እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? እትዬ የሺ፣ ለምን?»

«ልጄ አለችበት።»

ትርሲት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እርሳሷን አወረደች።

«አልቆፍረውም» አለች ትርሲት። «ግን ካልጻፍኩት ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው በምን ያውቃል? ባዶ መሬት ይመስለዋል።»

«የኔን ስም ነው የምትጽፊው?»

«ካልፈለጉ አልጽፍም። 'የቅርብ ጊዜ መቃብር፣ አይነካ' እላለሁ።»

የሺ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም እያያት ነው። «ኧረ አሁንማ ያልሰማ ማን አለ» አለች፤ «ጻፊው።»

«ሕፃኗ ስሟ ማን ነበር?»

«ስም ገና አልወጣላትም።»

«የየሺ ልጅ ልበላት?»

የሺ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ቦታውን እንድታሳይ ሲጠይቋት ግን አዲስ ጭንቀት ያዛት። ሣሩ ሸፍኖታል፣ ድንጋዩም ተንዷል። «እዚህ... የለም፣ ወዲያ ጠጋ ብሎ... እንጃ።» ብትሳሳትስ?

ምስጋናው መዶሻውን አንሥቶ መጣ። «ሰፋ አድርጌ ነው የምመታው፣ አትጨነቂ» አለ። «ልጅ ስትተኛ ትገላበጥ የለ እንዴ።»

ማንም አልሳቀም። ካስማዎቹን አራርቆ መታቸው፤ ትርሲትም ለክታ ሣለችው።

የሺ ብሩሿን ለትርሲት አስረከበች። «ዛሬን ፍቀጂልኝ፣ ቤት ልድረስ» አለች። አንዱ ሠራተኛ ስልክ ሲያወጣ አይታለች። ይሁኔ ከሰው አፍ ሳይሰማ በፊት ልትነግረው ይገባል። ምን ብላ እንደምትጀምር እያሰበች፣ በማሳው መሐል አቋርጣ መንገዱን ተያያዘችው።