ያጥሩልኝ

ሚስቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትተርበኝ ተረብ አላት። «ቤሳ ቤስቲን የሌለው ቤሳ ሰብሳቢ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። በካርቶን የታጨቀ ቤሳ፣ አላድ፣ ጥቂት ጠገራ ብር፣ ጥብጣባቸው የተበጣጠሰ ኒሻኖች አሉኝ። ሰው ሁሉ የጥንት ነገር የምወድ ይመስለዋል። ምን እወዳለሁ! ሌባ ነኝ፤ የሰረቅኩትን ነው የምፈልገው።

አባቴ ወታደር ነበር። አንድ የብር ኒሻን ነበረው። እኔ በተወለድኩ ዕለት ደስታው አላስቀምጥ ቢለው በኒሻኑ ጀርባ በምስማር ትንሽ መስቀል ጫረ። እናቴ እኔ በታመምኩ ቁጥር ያንን መስቀል በአውራ ጣቷ እያሻሸች ትጸልይ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ከሳጥን አውጥቼ ፒያሳ ሸጥኩትና ጫማ ገዛሁበት። ቤት ስገባ «ጓደኛዬ አውሶኝ ነው» አልኩ። ኒሻኑ ሲታጣ ሌባ ገብቶ ነው ተባለ፤ እኔም አብሬ ሌባውን ረገምኩ። አባቴ ሳልነግረው ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ፒያሳ ያልጠየቅኩት ብር ሠሪ የለም። የቀረው ሁሉ ፍለጋው ላይ ሳለሁ እግረ መንገዴን የሰበሰብኩት ነው። ዘንድሮ የእናቴ ዓይን ጨርሶ ጠፋ፤ አልጋ ላይ ዋለች። «ያ የአባትህ ኒሻን…» ትላለች በየቀኑ። ሳትሞት እጇ ላይ ባስቀምጥላት ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

አንድ ዓርብ፣ የማውቃቸውን ሽማግሌ ብር ሠሪ ዕቃ ሲሸክፉ አገኘኋቸው። ግራ ቀኛቸው ፈርሶ አልቋል፤ ተራው የሳቸው ሱቅ ነው። ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ከሰል የመሰለ ኒሻን አወጡ። ያው ዓይነት ነው። ጀርባውን በጥፍሬ ብፍቀው ጥቁሩ ሥር ጭረት ያለ መሰለኝ። ግን እንዲህ ያለው ኒሻን ለስንት ወታደር ተሰጥቷል! ከማን ቤት እንደወጣ ጠይቀው ነገሩን እንዲያረጋግጡልኝ ፈልጌ፣ «አባባ፣ እባክዎ ይቺን ነገር እስከ ሰኞ ያጥሩልኝ» አልኳቸው።

«ምን ችግር አለ ልጄ» አሉ። ኒሻኑን ለሸጠላቸው ሰው እንዲያሳዩት ብዬ እዚያው ተውኩት።

ሰኞ ስመለስ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ስፈታው እንደ መስታወት ያበራል። ጀርባው ልሙጥ ነው።

«አባባ፣ ምን አደረጉት!»

«ያጥሩልኝ አላልክም? ሁለት ቀን ሙሉ ፈገፈግኩት። ጭረት ነበረበት፤ እሱንም አጠፋሁልህ።»

እኔ ነገሩን ያጥሩልኝ ማለቴ ነበር፤ ለብር ሠሪ ግን ማጥራት ብር መፈግፈግ ነው። ብር ሠሪን ያጥሩልኝ ማለት! አፌን በቆረጠው። እሳቸውንስ ምን ልበላቸው? ሱቃቸው በላያቸው ሊፈርስ ተቃርቦ ለኔ የደከሙ ሰው ናቸው። ጭረቱ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቅኳቸው። «እኔ ምኑን አየሁት» አሉ። የአባቴ ይሁን የሌላ ሰው፣ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።

ቤት ገብቼ ምስማር ፈለግኩ። ጀርባው ላይ ትንሽ መስቀል ጫርኩበት። ወስጄ እናቴ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«አገኘሁት እማዬ።»

ፊቷ በራ። አውራ ጣቷ መስቀሉን አገኘው። አንዴ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

«ይሄ ይቧጥጣል» አለች። «ያኛውን እኔው አሻሽቼ አሻሽቼ አለስልሼው ነበር። አንተ ነህ የጫርከው?»

ኒሻኑን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ጨበጠችው።

«ያኔም የወሰድከው አንተ ነህ» አለች። ቁጣ የለባትም።

«አዎ እማዬ። ለጫማ ነው።»

«እናውቃለን። አባትህ ጫማውን ያየ ዕለት ነው ያወቀው። ልጄ ራሱ ይነግረኛል እያለ እስኪሞት ድረስ ሲጠብቅህ ነበር።»