የደልበርት ግራ ጎን

ቬርና ጋፕቲል በየማለዳው ድንች ስትልጥ ትንንሾቹንና የበቀሉትን ለይታ በአሮጌ ባልዲ ታስቀምጣለች። ለዶሮ እንዳይመስላችሁ፤ ዶሮ የላትም። ለአኩራፊው ነው።

አኩራፊው ዓሣ ነባሪ ነው። ሚንኪ ከሚባሉት፣ ከትንንሾቹ ወገን፤ ትንሽ ይባል እንጂ ከባሏ ወንድም ከኤልዉድ የጭነት መኪና ይበልጣል። በጋ በመጣ ቁጥር ወደ ሃርፐር ኮቭ ወሽመጥ ብቅ ይልና በኤልዉድ የሄሪንግ ዓሣ ወጥመድ ዙሪያ ሲንጎራደድ ይውላል፤ ዓሣው ሁሉ ደንግጦ ይበተናል። ስሙን ያወጡለት በበጋ እሷ ዘንድ የሚያርፉት ተማሪዎች ናቸው፤ አንዴ ሦስት ጭረት ያለበትን ቀኝ ጎኑን አሳይቶ፣ ፊቱን እንዳዞረ ሰው ጠልቆ ስለሚጠፋ። ቬርና ደግሞ ከጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ቆማ በድንች ትወርድበታለች።

«ሂድ ከዚህ፣ አንተ ሆዳም! የሰው ጉሮሮ ልትዘጋ ነው የምትመጣው?»

አንድም ቀን መትታው አታውቅም። ግን ሳትወረውር ቁርስ አይወርድላትም።

ተማሪዎቹ ከየዩኒቨርሲቲው በፈቃደኝነት የሚመጡ ናቸው። ቀን በኤልዉድ ጀልባ እየወጡ ዓሣ ነባሪ ሲፈልጉና ፎቶ ሲያነሱ ይውላሉ፣ ማታ በቬርና ጓሮ፣ ድሮ ሄሪንግ ይጨስበት በነበረው ቤት ያድራሉ። ጭሱ ከቆመ ስንት ዘመኑ፣ ሽታው ግን እንዳለ ነው፤ ልጆቹ ቤታቸው ሲመለሱ እናቶቻቸው ሻንጣውን በረንዳ ላይ ያሳድሩታል ይባላል! ቬርና የሃዶክ ዓሣ ሾርባ፣ በሞላሰስ የበሰለ ባቄላ ታቀርብላቸዋለች። ጭልፋውን እንደያዘችም ሁሌ ያችኑ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«መጣ?»

«ዛሬም አልመጣም፣ ሚስስ ጋፕቲል።»

የምትጠይቀው ስለ ሌላ ዓሣ ነባሪ ነው። ስለ ደልበርት።

ደልበርት መጀመሪያ የባሏ ስም ነበር። አንድ የበጋ ጠዋት አንድ ሚንኪ ሄሪንግ ሲያሳድድ እሱና ወንድሙ ኤልዉድ የሚሠሩበት ወጥመድ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ወጥመዱ ከባሕር ወለል በተተከሉ ረጃጅም ግንዶች ላይ መረብ ተወጥሮ የታጠረ ነው፤ መግባቱ ቀላል፣ መውጣቱ ጭንቅ። ኤልዉድ «መጀመሪያ ዓሣችንን እናውጣ» ሲል፣ ደልበርት መረቡን ዝቅ አድርጎ እንግዳውን ለቀቀው። ሄሪንጉም አብሮ ሄደ። ቬርና «የክረምት ማገዶአችንን ለዓሣ ነባሪ ሸለመው!» ብላ ስንት ቀን አኮረፈችው። ዓሣ ነባሪው ሲወጣ ከተማሪዎቹ አንዷ ግራ ጎኑን ፎቶ አነሳች። ከክንፉ በታች የጨረቃ ቅርጽ ያለው ነጭ ጠባሳ ነበረው። በለቀቀው ሰው ስምም ደልበርት አሉት።

በዚያው ክረምት ሰውዬው ደልበርት የበረዶ አካፋውን እንደጨበጠ ደጁ ላይ ወደቀ። ልቡ ነበር። ዓሣ ነባሪው ደልበርትም ከዚያ ወዲህ አልታየም።

የቬርና እህት ፊሊስ ሴንት ጆን ከተማ ውስጥ ሊፍት ባለው ሕንፃ ላይ ትኖራለች። አንድ ትርፍ ክፍል አላት፤ «ነይና አብረን እንኑር» ማለቷን አታቋርጥም። ዘንድሮ በጋው ሲገባ ቬርና በስልክ፣ «እሺ፤ ዘንድሮም ካልመጣ ቤቱን ሸጬ እመጣለሁ» አለቻት።

«ማን ካልመጣ?»

«ዓሣ ነባሪው።»

«ቬርናዬ፣ በሞቴ ይህን ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ።»

በጋው እየተገባደደ ሄደ፤ ደልበርት የለም። የመጨረሻው የጉዞ ቀን ጠዋት ከተማሪዎቹ አንዱን ትኩሳት ጣለው። የቡድኑ መሪ ሶላንጅ ወደ ወጥ ቤት እየሮጠች መጣች።

«ሚስስ ጋፕቲል፣ ሰው ጎደለብን። እባክዎ ይምጡልን።»

«እኔ? ባቄላ ጥጄ?»

«የካሜራውን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ደግሞ ቀኝ ጎኑን ብቻ። አንዱን ከሌላው የምንለየው በቀኝ ጎን ነው፤ ደንባችን ነው።»

«የማንን ቀኝ? የኔን ነው የሱን?»

«የእሱን።»

«ፊት ለፊቴ ከመጣስ?»

ኤልዉድ በሩ ላይ ቆሞ ሳቁን ለቀቀው። «ደልበርት መኪና ሲያስተምራት ወደ ቀኝ ሲላት የፓስተሩን አጥር ያፈረሰች ሴት ናት! ካሜራ ስጧት እንግዲህ!»

«አንተ መሪህን ያዝ» አለችው፣ ካፖርቷን እየደረበች።

ባሕሩ ላይ ጉም ነበር። ተማሪዎቹ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ አንዱ «እዚያ!» ሲል ሌላው «አይ፣ እዚህ!» ይላል። ቬርና የት እንደምታይ ጠፋት። ድንገት አጠገቧ ፉ! የሚል ትንፋሽ ሰማች፤ የበሰበሰ ጎመን የሚመስል ሽታ ፊቷን መታት። አኩራፊው! በድንጋጤ ካሜራውን ተጫነችው፤ ካሜራው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ተንጣጣ። ጣቷን ማንሳት አቃታት። አውሬው ከጀልባው ስር አልፎ በወዲያኛው በኩል ሲወጣ እሷም እየተንጣጣች አብራው ዞረች።

«ሚስስ ጋፕቲል፣ ይብቃ! ያ ግራው ነው፤ ግራውን አንፈልግም!»

«አላልኳችሁም?» አለ ኤልዉድ።

ቬርና እስከ መመለሻው ድረስ አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ሶላንጅ በኮምፒውተሯ ላይ የማይረቡትን ፎቶዎች ታጠፋ ጀመር። ከዚያ እጇ ቆመ። ተነስታ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን የደልበርትን አሮጌ ፎቶ ነቅላ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ያዘችው።

«ይህን ከየት አመጡት?» አለች ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን እያሳየች።

«ከባሕር ነዋ! ከየት ላመጣው ኖሯል?»

የቬርና ፎቶዎች ተራ በተራ አለፉ፦ ቀድሞ የአኩራፊው ቀኝ ጎን፣ የታወቁት ሦስት ጭረቶች። ቀጥሎ ጀርባው ከውኃው ስር ሲያልፍ። ቀጥሎ ግራው፤ ነጯ ጨረቃ።

«ደልበርትን የምናውቀው በግራው ብቻ ነው» አለች ሶላንጅ ቀስ ብላ። «አኩራፊውን በቀኙ ብቻ። ሁለቱን ጎን አከታትሎ ያነሳ ሰው አልነበረም። እኛ ሁለት ናቸው ብለን ነበር። አንድ ነው፣ ሚስስ ጋፕቲል።»

«ታዲያ የሞተው የትኛው ነው?»

«የሞተ የለም።»

«አንዱ ግን የለም ማለት ነው?»

«አንዱ… ድሮም አልነበረም።»

«የትኛው?»

ሶላንጅ አሮጌውን ፎቶ መልሳ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው።

«እንግዲያማ ይሄን ሁሉ ዓመት ወንድሜን በድንች ስትወግሪው ከርመሻል!» አለ ኤልዉድ። በተናገረው ራሱ ደንግጦ አፉን በባቄላ ሞላው።

ቬርና ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ምን እንደተሰማት ግን ራሷም አላወቀችም። በየዓመቱ ሳሎን ውስጥ ሰሃን አስቀምጣ ስትጠብቀው የኖረችው እንግዳ ለካስ ወጥ ቤት ሆኖ ሲበላ ኖሯል፤ እሷም በመጥረጊያ ስታባርረው። ካልመጣ እሄዳለሁ ብላለች። መጣ? መጣ እንኳ አይባልም፤ መች ቀረና! ደግሞስ ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነባሪ ነው እንጂ ደልበርት ነው እንዴ?

በማግስቱ ተማሪዎቹ ሻንጣቸውን ሲጭኑ ስልኩ ጮኸ። ፊሊስ ናት። ቬርና ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ቆልፋ፣ እግሯ እንደለመደው ባልዲውን ይዛ ወደ ማቆሚያው ወረደች።

«በጋው አለቀ እኮ» አለች ፊሊስ። «መጣ ወይስ አልመጣም?»

ከወጥመዱ ዳር የዓሣ ነባሪው ትንፋሽ ወደ ላይ ተነፋ። ቬርና ሳታስበው ድንች አነሳች።

«አንተ ደልበርት! ውጣ ከዚያ! ስንቴ ልንገርህ?»

ያንን ድምፅ ፊሊስ ታውቀዋለች፤ ቬርና ባሏን ስትቆጣ በዚያ ወጥ ቤት መስኮት ሲወጣ ብዙ ዘመን ሰምታዋለች።

«ማን ላይ ነው የምትጮኺው?»

«ደልበርት ላይ።» ቬርና እጇ ውስጥ ያለውን ድንች አየችው። ባልዲው ውስጥ መለሰችው። መልሳ አወጣችው። በመጨረሻ እንዳይነካው ብላ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠንቅቃ፣ አርቃ ወደ ሌላ በኩል ወረወረችው። ዓሣ ነባሪውም ሄዶ ሄዶ እዚያው ብቅ አለ። ጀርባው ላይ ጧ!

«ምንድን ነው እሱ?»

«መታሁት! ፊሊስ፣ መታሁት እኮ!»

ዓሣ ነባሪው ቀኝ ጎኑን አሳይቶ ጠለቀ፤ ከጉሙ በቀር የቀረ ነገር የለም።

«ቬርና፣ እንዲያው በእግዜር፣ ክፍሉን ለሌላ ሰው ላከራየው?»

«አከራዪው» አለች ቬርና፣ ዓይኗን ከውኃው ሳትነቅል። «ይቅርታ ሳልጠይቀው የት እሄዳለሁ? እሱ ደግሞ የሚመለሰው ለከርሞ ነው።»