ቡቺ ያልጮኸበት ቅዳሜ

አፍንጮ በር ውሻ የሚያሳድግ ሁሉ አንድ ዘዴ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቡችላውን ቀን ቀን ጨለማ ክፍል ውስጥ ያስረዋል፣ ሥጋ ሲገኝ ሚጥሚጣ ነስንሶ ያጎርሰዋል፣ አስፈሪ እንዲሆን ጆሮውን ይቆርጠዋል። እንዲህ ያደገ ውሻ ጌታውን ቢነክስ ታዲያ ምን ይገርማል? ከሰፈሩ ሰው ይህን እምቢ ያሉት ጋሼ ኪዳነማርያም ብቻ ነበሩ።

ጋሼ ኪዳነማርያም ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሰዓት የሚያድሱ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞታባቸው አንዲት ልጃቸውን ሰርክአዲስን ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። እኔ ዘነቡ ደግሞ እዚያው ጊቢ ውስጥ፣ በር ጥግ ባለችው አንድ ክፍል የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ቡችላውን የሰጧቸው ቤትና ሱቃቸው ተወርሶባቸው ወደ አገራቸው የተመለሱ አንድ ግሪክ ደንበኛቸው ናቸው። ሰርክአዲስ «ቡቺ» አለችው። የአራዳ ቡችላ ሁሉ ቡቺ ነው፤ ሌላ ስም ለመፈለግ አልደከመችም።

ሰውዬው ሰዓት በሚፈቱበት ትዕግሥት ውሻ አስተማሩ። አያስሩትም፣ አይመቱትም። እሺ ሲል ቁራሽ ዳቦ በእጃቸው ይሰጡትና «ጎበዝ!» ይሉታል፤ እምቢ ሲል ፊታቸውን ያዞሩበታል፣ በቃ።

«ዘነቡ፣ ውሻ ክፉ የሚሆነው ሲፈራ ነው። ደስ ያለው ውሻ ሰው አያስቸግርም» ይሉኝ ነበር።

እስቅባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እናደድ ነበር፤ እኔ ጎሕ ሳይቀድ ተሰልፌ የማመጣትን ዳቦ ውሻ ሲጎርሳት ማየት አያስደስትም። ቡቺ ግን በስድስት ወሩ «ቁጭ» ሲሉት ቁጭ የሚል፣ «ና» ሲሉት ከአጥር ጥግ እየበረረ የሚመጣ፣ የሰው ምግብ የማይነካ፣ ደስተኛ ውሻ ወጣው። ጎረቤት ላይ አይጮህም። ካኪ ለብሶ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ብቅ ሲል ግን ሰፈሩን ያናውጠዋል። ይህን ማን እንዳስተማረው እንጃ። የሰፈሩ አራዶች «ፀረ አብዮት» ብለው ጠሩት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው እንጂ።

በ1970 ዓ.ም. ያ ጩኸት ዋጋ ነበረው። ሰርክአዲስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ወረቀት ትበትናለች ይባላል። ትበትን አትበትን አልጠየቅኋትም፤ በዚያ ዘመን አለማወቅ ጤና ነበር። ቡቺ ሲጮህ በጓሮ አጥር ዘላ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አብዮት ጠባቂዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

በሁለተኛው ጊዜ ዘርኡ የሚባለው አለቃቸው ጠመንጃውን ቡቺ ላይ ደገነ።

«አባት፣ ይሄ አድሃሪ ውሻ ቀበሌውን ይሰድባል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ዝም ካላሰኙት እኔ አሰኘዋለሁ።»

ሰርክአዲስ ያን ቀን ማታ አለቀሰች። «አባባ፣ እኔ ጉለሌ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። እሱን ግን አያስገድሉብኝ» አለቻቸው። በማግስቱ ሄደች። ጋሼ ኪዳነማርያምም ልጄ ከራቀች ጩኸቱ ምን ይሠራል ብለው ሥራቸውን ጀመሩ።

ቡቺን ካኪ ለማስለመድ እንዲያግዛቸው ዘርኡን ራሱን ለመኑት። በየማለዳው ወደ ቀበሌ ሲያልፍ በራችን ላይ ይቆማል፤ ጋሼ ኪዳነማርያም ከኪሳቸው ዳቦ አውጥተው እጁ ላይ ያኖሩለታል። «አትቸኩል። ዓይን ዓይኑን አትየው። ቁጭ ሲል ስጠውና ጎበዝ በለው።» ዘርኡ መጀመሪያ አፈረ፤ ኋላ ግን ወደደው፤ ሌሎቹንም ይዟቸው ይመጣ ጀመር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቡቺ ካኪ ሲያይ ሮጦ ሄዶ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ፣ በጅራቱ አቧራውን እየጠረገ።

ዘርኡ ከት ብሎ ሳቀ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ! ከእንግዲህማ የኛ ነው፣ አባት።»

ጋሼ ኪዳነማርያምም አብረው ሳቁ። ውሻቸውን አትርፈዋል፤ ለምን አይስቁ?

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ሰርክአዲስ አባቷ ናፍቀዋት መጣች። እሳቸው ሱቅ ነበሩ። «ጸጉሬን ልታጠብና ከአባባ ጋር ምሳ በልቼ እመለሳለሁ» አለችኝና ጓሮ ገብታ ውኃ አሞቀች። እኔ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ቀሚስ እዘመዝማለሁ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ግድም ዘርኡ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቡቺ ፀሐይ ከሚሞቅበት ተነሥቶ ሮጠ፣ ድምፅ ሳያሰማ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ። አልፈውት ጓሮ ገቡ። ሰርክአዲስን ዓይኗን በሳሙና አረፋ እንደጨፈነች ያዟት።

እጇን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ሲያወጧት ቡቺ ዘርኡ ፊት ሄዶ እንደገና ቁጭ አለና ቀና ብሎ አየው። ዘርኡ ኪሱን ዳበሰ። «ጎበዝ» አለና ቁራሽ ወረወረለት።

ጋሼ ኪዳነማርያም አሥራ አንድ ቀን ምሳ ዕቃ ይዘው ወደታሰረችበት ተመላለሱ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጣ» ተባሉ። ገድለዋታል ማለት ነው። አስከሬኗ አልተሰጣቸውም፤ ድምፅ አውጥተው እንዲያለቅሱም አልተፈቀደላቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ቡቺ ሲያለቅስ ሰማሁ። እንዲያ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም። ብወጣ ሰውዬው ከየት እንዳገኙት የማላውቀውን አሮጌ የካኪ ኮት ለብሰው በቀበቶ ይገርፉታል። ያ ውሻ ተመትቶ አያውቅም።

«ጩኽ! ካኪ ስታይ ጩኽ! ጩኽ እንጂ!»

ውሻው ምን እንደፈለጉ አልገባውም። ቁጭ ይላል። ሲመቱት ይወድቅና ተነሥቶ እንደገና ቁጭ ይላል። አላስቻለኝም፤ ሄጄ እጃቸውን ያዝሁ።

«ይተዉት፣ ጋሼ! ያስተማሩትን ነው እኮ ያደረገ!»

እንዳልሁት ወዲያው ጸጸተኝ። ቀበቶው ከእጃቸው ወደቀ። እንባቸው በጢማቸው እየወረደ አዩኝ።

«ዘነቡ፣ እሱስ እሺ። ያን ቀን እዚህ ጊቢ የሚጮህ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም?»

እነዘርኡ በሩን ሲገፉ ከቡቺ ቀድሜ ያየኋቸው እኔ ነበርሁ። ከደጃፌ እስከ ጓሮው ሃያ እርምጃ አይሆንም። «ሰርኬ!» ብላት ትሰማኝ ነበር፤ ሳል እንኳ ይበቃት ነበር። ዘርኡ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ከዚያ አንገቴን ደፍቼ መዘምዘሜን ቀጠልሁ። እኔን ማንም ዳቦ አላበላኝም።

«ጊዮርጊስ ሄጄ ነበር፣ ጋሼ» አልኋቸው።

አመኑኝ። ጎንበስ ብለው ቀበቶውን አነሡና ወደ ቡቺ ተመለሱ።